ኤልፒዲዮ ለምን አልተሸጠም

ለተከበሩ አማቴ፤

ይባርኩኝ፣ እናቴ። ጉልበትዎ ከዚህ ዝናብ ጋር እንዴት ሆነ? የደም ግፊቱን ኪኒን «ዛሬ ደህና ነኝ» እያሉ እየዘለሉት እንዳይሆን ብቻ እፈራለሁ። የላኩት የካሳቫ ቂጣና የዘይቱን ማርማላታ በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ በደህና ደርሶናል። ዳሪሳ ቂጣውን ይዛ ቤቱን ሁሉ ፍርፋሪ አደረገችው፤ «የአያቴ ነው» ብላ ለእኔ እንኳ አላካፍልም አለች። እኛ በፈጣሪ ቸርነት በሕይወት አለን። ደህና መሆናችንን ግን ደብዳቤውን ሲጨርሱ እርስዎ ይፍረዱት።

ስልክ እያለ መጻፌ ይገርምዎ ይሆናል። አይቀየሙኝና፣ እርስዎ የስልኩን ድምፅ ከፍተው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ነው የሚያወሩት፤ እኔ እዚህ ሳስነጥስ እዚያ ጎረቤትዎ «ይማርሽ» ይላል። ይህ ደግሞ ጎረቤት የሚሰማው ነገር አይደለም። ልጅዎ መጻፌን ያውቃል። ምን እንደምጽፍ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ባለፈው «ሬዲዮው ሌላ ይላል፣ ልጄ ሌላ ይላል፣ አንቺ ደግሞ ዝም ትያለሽ፤ ዝውውሩ የት ደረሰ?» ብለው ተቆጥተውኝ ነበር። እንግዲያው ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

የቤዝቦል ቡድናችን ፔሊካኖቹ ዘንድሮ እንዴት እንደሆኑ ያውቃሉ። ከሰንጠረዡ ግርጌ ቁጭ ብለን የሌላውን መውጣትና መውረድ ስናይ ከረምን። የኳስ ወርዋሪዎቻችን ክንድ ዝሏል። ሁለቱ የውጭ አገር ልጆች ለገና ቤተሰብ አይተን እንመለሳለን ብለው በዚያው ቀሩ። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው ሰውዬማ መነሳት እየከበደው ነው። በዶን ፌሊስ ሱቅ በር ላይ ዶሚኖ የሚጫወቱት ወንዶች «ጉልበቱ ሲንቋቋ ዳኛው ዱላ የተሰበረ መስሎት ጨዋታውን አስቆመ» እያሉ ይስቁበታል።

ቦካ ማንሳ ውስጥ ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበረም፤ ማን ይቆያል፣ ማን ይሄዳል፣ ለመጪው ዓመት ማን አለን። አንዱ «ሁሉንም ሸጠን አንድ በሬ እንግዛ፤ በሬው ቢያንስ ወደፊት ይሄዳል» አለ። እውነቱን ለመናገር ገዢ የሚያገኘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ልጅዎ። አውራ ዶሮዎች የሚባሉት የሞንቴ አልቶ ቡድን ኤልፒዲዮን ወስደው አንድ ግራኝ ወርዋሪና አንድ ወጣት ተቀባይ ሊሰጡን ነው ተባለ። ዶን ፌሊስ የሱቁን መደርደሪያ በጥፊ መትተው «ኤልፒዲዮን ሰጥታችሁ መሀል ሜዳውን ማን ሊሮጥበት ነው? ሥራ አስኪያጁ ነው፣ ከነቦርጩ?» ሲሉ፣ ከዶሚኖው ጠረጴዛ «ደህና ወርዋሪ ከሌለን ኳሱ ሁሉ ከአጥር ውጭ ነው የሚያርፈው፤ ኤልፒዲዮ አጥር ዘሎ አስፋልት ላይ ሊቀልበው ነው?» ብለው መለሱላቸው። እኔ ሩዜን ገዝቼ ስወጣ ግን ሁሉም ዝም ይላሉ። የማውቀው ነገር ያለ ይመስላቸዋል። እናቴ፣ ከእነሱ ያነሰ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ግራ ያጋባኝ የኤልፒዲዮ ነገር ነው። ያ «ሬሳዬ ከቦካ ማንሳ ይውጣ እንጂ እኔ አልወጣም» ይል የነበረ ሰው ስለ ሞንቴ አልቶ ሲወራ ዓይኑ ይበራ ጀመር። «አየሩ ጥሩ ነው፣ ቤት ሰፊ ይሰጡናል፣ ሁለት ዓመት ያስፈርሙኛል» ይለኛል። የማየው ሁሉ ደግሞ አላምር አለኝ። መኪናውን ለአክስቱ ልጅ ሰጠና በእግሩ መሄድ ጀመረ። ድሮ ጨዋታ በሌለ ቀን አመሻሽ ላይ ባሕር ዳር ይዞኝ ይወጣ ነበር፤ አሁን «ደክሞኛል» ብሎ ቤት ይቀመጣል። ጎረቤቴ ሚሬያ፣ የእርስዎ መንደር ልጅ፣ አንድ ቀን አፍ አውጥታ «ባልሽ ኮርቷል እንዴ? ትናንት ፀሐይ ስትገባ እዚህ በር ላይ ቆሜ ‹እንደምን አመሸህ› ስለው እንደ ግንድ አልፎኝ ሄደ» አለችኝ። «አሳብ ይዞት ነው» ብላት፣ «እህቴ፣ እንዲህ ያለ አሳብ ቀሚስ ነው የሚለብሰው» ብላ ሳቀች። ሳቋ ለቀናት ከጆሮዬ አልወጣም።

በዚያ ላይ ሰኞ ሰኞ፣ ቡድኑ በሚያርፍበት ቀን፣ ወደ ዋና ከተማው ይሄዳል። «ከወኪሌ ጋር ስለ ዝውውሩ እየተነጋገርን ነው» ይለኛል። ወኪሉን ዓሣ ገበያ አገኘሁትና «ኧረ ባልሽ የት ጠፋ? ስልክ እንኳ አያነሳም» አለኝ። የያዝኩት ዓሣ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

አሰልጣኙንም ጠረጠርኩ። ዶን አናክሌቶ ልጅዎን በመብራት በሚደረግ ጨዋታ ወንበር ላይ እያስቀመጡ እሁድ ከሰዓት ብቻ ያሰልፉት ጀመር። ሬዲዮው «ከመሸጡ በፊት እንዳይጎዳ እየጠበቁት ነው» አለ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ሰውዬው የሚያውቁት ነገር አለ፣ ወንዶቹ ተስማምተው ነው የደበቁኝ አልኩ። ሴትዮዋ ሞንቴ አልቶ እንደምትኖር፣ ሰኞ ሰኞ ከተማ ድረስ መጥታ እንደምታገኘው፣ ዝውውሩም ለእሷ እንደሆነ ፊልም እንዳየሁ ሁሉ አውቄው ነበር። ምን ዓይነት ሽቶ እንደምትቀባ እንኳ ወስኜላት ነበር።

ከዚያ ያ እሁድ መጣ። ጨዋታው ተራዝሞ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ኳስ ወደ ላይ ተመታች። በግራ በኩል የሚጫወተው ልጅ፣ ዊልኪን የሚባለው፣ ከወዲያ ሮጠ፤ ኤልፒዲዮ ከወዲህ ሮጠ፤ ተጋጩ። ልጁ ሁለት የፊት ጥርሶቹን አጣ፤ በቃሬዛ ወጣ። ሬዲዮው ሁሉ ዊልኪንን አወገዘው፤ ነባሩ ተጫዋች «የእኔ ናት» ብሎ እየጮኸ አልሰማ ያለ ቀውስ ነው ተባለ። እኔ በማግስቱ ሾርባ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ልጁ በዚያ ባበጠ አፉ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ኤልፒዲዮ ‹የእኔ ናት› ብሎ ጮኾ ይሆናል፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት» አለኝ። እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። እኔ ግን ያን እሁድ ከመቺው ጀርባ ካለው መቀመጫ ሆኜ የኤልፒዲዮን አፍ እያየሁ ነበር። ልጅዎ አልጮኸም።

በሚቀጥለው ሰኞ ዳሪሳን ለሚሬያ ሰጥቼ፣ ፀጉሬን በሻሽ አስሬ፣ ከእሱ ቀጥሎ በወጣው ሚኒባስ ተከተልኩት። ከተማ ስደርስ መናኸሪያው አካባቢ አገኘሁትና ከኋላ ከኋላው ሄድኩ። አንድ ፎቅ ቤት ገባ። ደረጃውን ሲወጣ እጁን ከግድግዳው ላይ አያነሳም። ያ ሜዳ ላይ ነፋስ የሚቀድም ሰው ደረጃ ለመውጣት ግድግዳ ሲደግፍ አይቼ እንኳ ነገሩ አልገባኝም። ደግሞ መጠጣት ጀመረ እንዴ አልኩ። ላይኛው ፎቅ ላይ አንዲት ወጣት በር ከፍታ «ኤልፒዲዮዬ፣ ዛሬ አረፈድክ» ብላ ክንዱን ይዛ አስገባችው። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። በሩን በርግጄ ስገባ፣ ዓይናቸው በፋሻ የተሸፈነ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ወንበር ላይ ተደርድረው ቁጭ ብለዋል። ማየት የሚችሉት አዩኝ። እኔ ጫማ ይዤ መሀል ቆሜአለሁ።

የዓይን ሐኪም ቤት ነው፣ እናቴ።

በሩን የከፈተችው ነርሷ ናት፤ ሐኪሟ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ረጋ ያሉ። ሚስቱ መሆኔን ሲያውቁ አስቀመጡኝ። ልጅዎ የሚያየው በቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ነው አሉኝ። ፊት ለፊት ያለውን ከማንም አሳምሮ ያያል፤ ከጎን ያለው ጠፍቷል። ሊመሽ ሲል ደግሞ ፊት ለፊቱም ይጠፋዋል። ቱቦው እየጠበበ ይሄዳል፤ መድኃኒት የለውም። ጠብታ አድርገውበት ስለነበር ዓይኑ ጥቁር ጉድጓድ መስሎ ነበር፤ እኔን ፈልጎ ፊቱን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር የሆንኩትን አልጽፍልዎትም። ከዚያ ሐኪሟ «ይህ በሽታ በዘር የሚሄድ ነው፤ ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ አለ?» ብለው ጠየቁት። «የለም» አለ። «አባትህስ?» አሉት። «አባቴ ጤነኛ ነበር፤ ከሸንኮራ እርሻው ሲመለስ ሰክሮ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ገጨው» አለ። ሐኪሟ ብዕራቸውን አስቀምጠው «በስንት ሰዓት ገደማ?» አሉት። «ሊመሽ ሲል ነው» አለ። ሐኪሟ ብዕራቸውን መልሰው አንስተው ጻፉ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉንም ነገረኝ። ሥራ አስኪያጁ ባልቡዌና አያውቅም። ዶን አናክሌቶ ጠርጥረዋል፤ ግን አፍ አውጥተው አልጠየቁትም። አውራ ዶሮዎቹ የሚመረምሩት ጉልበትና ትከሻ ነው፤ ዓይን ቢባልም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፊደል ማንበብ ነው፤ ያንን እንደ ውኃ ያነበዋል። «ዝም በዪልኝ። ውሉን ልፈርም ብቻ፤ አንድ ዓመት እንኳ ብጫወት ይበቃናል» አለኝ። «እዚያስ ከጎንህ የሚሮጠው የማን ልጅ ነው?» አልኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ባሌ ነው፤ ምን ልበል? ሌላ ሴት ባለመኖሯ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝም ነበር።

ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ ባልቡዌና ከአውራ ዶሮዎቹ መልማይ ጋር ለምሳ እንመጣለን አለ። መልማዩ ኦቶኒኤል ይባላል፤ ፂሙ ሸበቶ፣ ሳቂታ፣ ዕድሜውን ሁሉ ተጫዋች ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ ሎሚው ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ በሩዝና በባቄላ፣ በፍየል ወጥና በተጠበሰ ሙዝ ተቀበልኳቸው። ኦቶኒኤል ከዛፉ አንድ ሎሚ ቀጥፎ «እስቲ እነዚህን የተወራላቸውን እጆች ልያቸው» ብሎ ፊት ለፊት ወረወረለት። ልጅዎ ወሬውን ሳያቋርጥ በአንድ እጁ ቀለባት። «ሞንቴ አልቶ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ያስፈልግሻል፣ እህቴ» አለኝ ኦቶኒኤል። ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ባልቡዌና ወጡን እየጠረገ ስለ መጪው ዓመት ማውራት ጀመረ። ግራኙ ይመጣል፣ ወጣቱ ተቀባይ ይመጣል፣ ሽማግሌውን በክብር እንሸኘዋለን እያለ ይቆጥራል። «ያንን ቀውስ፣ ዊልኪንን፣ ከስብስቡ አውጥቼዋለሁ። ጆሮ የሌለው ተጫዋች አልፈልግም፤ ኤልፒዲዮዬን ሊገድልብኝ ነበር እኮ!» አለና ሳቀ። እኔ ኤልፒዲዮን አየሁት። አንድ ቃል እንዲናገር ጠበቅሁ። ሳህኑን አየ።

ሎሚ በሰሃን ይዤ በግራ ጎኑ ቆሜ ነበር። አንዷን አነሳሁ። ምንም ሳልል፣ ቀስ አድርጌ፣ ዳሪሳ እንኳ በምትቀልባት ልክ፣ ወደ ፊቱ ወረወርኳት። ጆሮው ሥር መትታው መሬት እስክትወድቅ ድረስ አልተነቃነቀም። ባልቡዌና «አቤት የሚስት ፍቅር!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ኦቶኒኤል አልሳቀም። ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሳ፤ ውኃ የሚቀዳ መስሎ በኤልፒዲዮ ጎን ቆመና መዳፉን ከዓይኑ አጠገብ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው። ልጅዎ ለባልቡዌና ወጥ እየጨመረለት ነበር። እንግዳው ባዘነ ፊት አየኝ፤ እኔም አየሁት። ሲወጣ በሩ ላይ «ምሳሽ ጣፋጭ ነበር፣ እህቴ፤ የዛሬውን ምሳ ለማንም አላወራም» አለኝ። ቃሉንም ጠበቀ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ልጅዎ «አንቺ ነሽ የወረወርሽው?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። ከዚያ በኋላ የሚያወራው ከዳሪሳ ጋር ብቻ ሆነ። «እናትሽን ጨው ስጭኝ በያት» ይላታል። እናቴ፣ እርስዎም ይህን አንብበው ከጠሉኝ እሸከመዋለሁ።

ዝውውሩ ፈረሰ። ሬዲዮው «አውራ ዶሮዎቹ በመጨረሻ ሰዓት ለምን ሸሹ? አንድ የሚሸት ነገር አለ» እያለ ቀን ሙሉ ቀባጠረ። ከዚያ ወሬው ወደ ሱቁ ወረደ። ሚሬያ እየሮጠች መጥታ «ባልሽ ይጠጣል እያሉ ነው። ‹እንደ አባቱ ነው የሆነው፤ ደም ነው› እያሉ ነው» አለችኝ። ኤልፒዲዮ ጓዳ ሆኖ ሰማ። ወጥቶ ሄደ። እኔም ዳሪሳን አዝዬ ተከተልኩት። ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ዶሚኖው ቆመ። «እኔ አልጠጣም» አለ። «እኔ ሲመሽ አላይም። ከጎን የሚመጣም አላይም። ዊልኪንን የገጨሁት እኔ ነኝ። ‹የእኔ ናት› ብዬም አልጮኽኩም። እየጠፋብኝ ነው፤ ሐኪም ነግሮኛል።»

ዶን ፌሊስ ከመደርደሪያው ጀርባ «አንተስ ሲመሽ ነው የማታየው። እኛ ዘንድሮ ዋንጫ ይታየናል ስንል የከረምነው በየትኛው ዓይናችን ነው?» አሉ። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ። ኤልፒዲዮም ሳቀ። ሲስቅ ሲስቅ እንባው መጣ፤ ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ወንበር ለቀውለት ቁጭ አለ። እጁን ወደኋላ ዘርግቶ እኔን ፈለገ። ሄጄ ያዝኩት።

ዶን አናክሌቶ በማግስቱ ቤት መጥተው፣ ለመጪው ዓመት ጠዋት ጠዋት ለልጆቹ ኳስ ከዱላው ስትነሳ እንዴት እንደሚያነቧት እንዲያስተምር ጠየቁት፤ እሺ ብሏል። ዊልኪን ወደ ስብስቡ ተመልሷል፤ ጥርስም አስተክለውለታል። ግራኙ ወርዋሪ አልመጣም። አሮጌው ተቀባያችን ከነሚንቋቋው ጉልበቱ ይቀጥላል። የሰንጠረዡ ግርጌም የእኛው ነው። ልጅዎ ከእኔ ጋር ማውራት ጀምሯል። «ስትመጪ ከፊት ለፊቴ ነይ» ብቻ ነው ያለኝ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አደርጋለሁ።

አንድ ነገር ግን እዚያ ሱቅ አልተናገረም። «እንደ አባቱ» ላሉት መልስ አልሰጣቸውም። መልሱን ስለማያውቅ ነው።

እኔ ባለቤትዎን በሕይወት አላገኘኋቸውም። ዶን ፌሊስ ግን አብረዋቸው ሸንኮራ ቆርጠዋል። ብቻቸውን ባገኘኋቸው ጊዜ ጠይቄአቸው ነበር። «ሰውዬው ከንፈሩ መጠጥ አይነካም ነበር፤ ለዚህ ነው በቀብሩ ዕለት የገረመኝ። ሚስቱ ግን ሰዉ ‹ሰክሮ ነው› ሲል አንድ ቃል አልመለሰችም፤ እኔ ማን ነኝና እናገራለሁ ብዬ ተውኩት» አሉኝ። በዚያ ዘመን መልማዮች ኤልፒዲዮን ለማየት ቤታችሁ ይመላለሱ እንደነበርም ነገሩኝ፤ የአባቱ ዓይን ቢታወቅ ልጁን ማን ይወስደው ነበር?

ሌላም አለ። ከተማ ከመሄዴ በፊት፣ ስለ ዓይን ከማንም አፍ ሳልሰማ፣ «አሁን የሐኪም ምርመራው ብቻ ነው የቀረው፤ ጉልበትና ትከሻውን ያዩለታል» ብዬ በስልክ ስነግርዎት፣ «ዓይኑ ላይ ጠብታ እናድርግ ካሉ እንቢ በል በዪው፤ ምርመራውም ጠዋት ይሁን» አሉኝ። ያን ጊዜ የእናት ጭንቀት ነው ብዬ አለፍኩት።

አልፈርድብዎትም። ባል ቀብረው ብቻዎን የያዙትን ልጅ ሰዎች ሊያዩ ሲመጡ በርዎ ላይ ቆመው ያሰቡትን ማን ያውቃል? እኔም በራሴ በር ላይ እንዲሁ ቆሜአለሁ። ልጅዎም እስካሁን ምንም አልጠረጠረም፤ ከእኔም አይሰማም። የሚነግሩት ከሆነ እርስዎ ይንገሩት፤ አባቱን እንደ ሰካራም አስቦ መኖሩ ያሳዝነኛል።

ዳሪሳን በሚቀጥለው ሰኞ ወደ ሐኪሟ እወስዳታለሁ። ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ለክርስትናዋ የመጡ ጊዜ፣ በጠራራ ቀን መስኮቱን ሁሉ ዘግተው፣ ሻማ አብርተው፣ ከአልጋዋ ከዚህኛው ጎን ወደዚያኛው ጎን ቀስ እያሉ ሲያዞሩ ደርሼብዎት ነበር። ምን እያደረጉ እንደሆነ ስጠይቅዎት «የመንደራችን ምርቃት ነው» አሉኝ፤ እኔም እጅዎን ስሜ አመሰገንኩ። ሚሬያን ጠየቅኳት። እንዲህ ያለ ምርቃት በመንደራችሁ ሰምታ አታውቅም።

እናቴ፣ ዳሪሳ ሻማውን በዓይኗ ተከተለችው?

በስልክ አይንገሩኝ። ወይ ይጻፉልኝ፣ ወይ እሑድ በሚመጣው አውቶቡስ ይምጡና ሰኞ አብረን እንሂድ፤ አልጋዎ ተነጥፏል። የድንግል እናታችን ጥላ አይለይዎት፤ ጉልበትዎን ያጽናልዎት፤ ለእኛም ዕድሜዎን ያቆይልን። ይባርኩን።

የልጅዎ ሚስት፣
የዳሪሳ እናት